በአሥራ ሁለት ዓመቴ ሃያ የሞላኝ ቀን

ሰው ፊት መናገር አልችልም። ባጃጅ ውስጥ ተቀምጬ «ወራጅ አለ» ማለት ስለማፍር፣ ሌላ ሰው እስኪወርድ እየጠበቅሁ ስንት ቀን ቤቴን አልፌ ሄጃለሁ። በጽሑፍ ግን ማንም አያየኝም። ትምህርቴ እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው፤ አጻጻፌ ቢጎረብጣችሁም ቻሉት።

ነገሩ የሆነው እዚሁ ቆሰበር ነው፤ በወረቀት ላይ እንጅባራ በምትባለው ከተማችን። ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። ለግማሽ ቀን ግን ሃያ ዓመት ሞልቶኝ፣ ባል አግብቼ፣ ወንድ ልጅ ወልጄ ውያለሁ።

አባቴ ለሥራ ብሎ ወደ ጫግኒ ወርዶ እዚያው ሌላ ጎጆ ቀለሰ። እማ አያ ደምሌ የሚባል ሰው ምንጣፍ ቤት የበግ ፀጉር ማጠብና መፍተል ጀመረች። እኔም አራተኛ ክፍልን ሳልጨርስ ተከተልኳት። ቤቱ ረጅም ነው፤ ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። ውስጡ ከባሕር ዛፍ አጣና የተሠሩ ሦስት መሸመኛዎች እንደ በር ቆመዋል። አሥራ አንድ ሴቶች ደጅ ታዛው ስር ሆነው ፀጉሩን ያጥባሉ፣ ያበጥራሉ፣ ይፈትላሉ። ውስጥ ዝቅ ባለ አግዳሚ ላይ ተደርድረን ክሩን ከድሩ ጋር አንድ በአንድ የምንቋጥረው እኛ አምስት ልጆች ነን። አንዷ ቀለም ትጠራለች፤ «ሁለት ቀይ፣ አንድ ጥቁር፣ አራት ነጭ!» ሌሎቻችን እንቋጥራለን። እኔ ጠርቼ አላውቅም፤ አፍራለሁ። እጄ ግን ከሁሉም ይፈጥን ነበር።

«የልጅ ጣት ድሩ መሃል እንደ አይጥ ይገባል» ይል ነበር አያ ደምሌ። እሱም በልጅነቱ የሰው ከብት ሲጠብቅ ስላደገ፣ እኛን ጣሪያ ስር ማስቀመጡ ደግነት ይመስለው ነበር። በገበያ ቀን ሸንኮራ ይገዛልናል። ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን ስጽፍ እማ አጠገቤ ብትሆን «አልነበረም?» ማለቷ አይቀርም።

አንድ ከሰዓት በኋላ ኔትወርክ ፍለጋ አጥር ላይ ወጥቶ ሲያወራ ቆየና ፊቱ አመድ መስሎ ወረደ።

«ነገ ከባሕር ዳር ተቆጣጣሪ ትመጣለች» አለ። «ምንጣፉን ልጅ እንዳልሠራው አይታ ምልክት የምትሰጥ ናት። አንድ ልጅ ካገኘች ምልክቱ የለም። ምልክቱ ከሌለ ገዢው የለም። ገዢው ከሌለ…» አለና ሴቶቹን አንድ በአንድ አየ። እማ ላይ ሲደርስ እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ። እማ ያን ሥራ ካጣች እንደ ሌሎቹ የሰፈር ሴቶች እኔን ለአክስቴ ሰጥታ አባቴን ፍለጋ ቆላ መውረዷ ነው ብዬ አስብ ነበር። ከዚህ የበለጠ የምፈራው ነገር አልነበረም።

ልጆቹን መደበቅ ቀላል ነው። ከቤቱ ጀርባ ቀርከሃ አለ፤ እዚያ ይውላሉ። ችግሩ እንግዳዋ «ማን ነው የሚቋጥረው? ሲቋጥር አሳዩኝ» ማለቷ አይቀርም። ከአሥራ አንዱ ሴቶች ደግሞ አንዷም አትችልም። ጎረቤታችን ስንዱ «ምን ይከብዳል!» ብላ ተቀመጠች። ጉልበቷ ከአግዳሚው በላይ ተሰቅሎ አገጯን ሊነካ ምንም አልቀረው። ትንሽ ታገለችና የገዛ ጣቷን ከድሩ ጋር ቋጠረችው። በመቀስ ፈታናት።

ያን ጊዜ ሁሉም ዞረው እኔን አዩኝ። ከዕድሜዬ በላይ ረዝሜ ነበር።

የእማን ቀሚስ አለበሱኝ፤ እንደ ባለትዳር ሻሽ አሰሩልኝ። የስንዱን የላስቲክ ጫማ ደግሞ በበግ ፀጉር ሞልተው አጠለቁልኝ። አያ ደምሌ ራቅ ብሎ አየኝ።

«አሁንም ልጅ ናት» አለ።

«ልጅ ስለሆነች ነዋ!» አለች እማ።

«ልጅ እናሳዝላት!» ብሎ ጮኸ። «ልጅ ያዘለችን ሴት ማን ልጅ ናት ይላል?»

የስንዱ የአምስት ወር ልጅ ሞላ ጀርባዬ ላይ ወጣ። ሞላ ስሙን የመሰለ ልጅ ነበር፤ ጎንበስ አደረገኝ። ከዚያ አያ ደምሌ አስጠናኝ። ዕድሜሽ? ሃያ። ባልሽስ? አዲስ ቅዳም ከሰል ይነግዳል።

«ስሙ ማን ነው?» አልኩ ቀስ ብዬ።

ይህን ማንም አላሰበበትም። አያ ደምሌ ራሱን አከከ። «የፈለግሽውን በይ፤ ደምሌ እንዳትይ ብቻ!» እማ የያዘችውን እንዝርት አነሳችበት። «ሲጨንቅሽ ደግሞ» አለ ወደ በሩ እየሸሸ፣ «አገውኛ ብቻ እንደምትችይ ሁኚ። ዓይንሽን መሬት ላይ ጣይ። እሱን እንደሆነ ታውቂበታለሽ።»

ማንም ያልጠየቀኝ ነገር ቢኖር የግራ ጥርሴን ነው። ከወተት ጥርሶቼ የመጨረሻዋ መንጋጋ ከሳምንት በፊት ተነቃንቃ ነበር። ስቋጥር እየዋልኩ በምላሴ ወዲያና ወዲህ እላታለሁ፤ ለብቻዬ የምጫወታት ጨዋታ እሷ ነበረች።

በማግስቱ ጠዋት ሌሊቱን ሲዘንብ ያደረው ዝናብ ገና አላባራም። የእንግዳዋ መኪና አስፋልቱን ለቆ እንደወጣ ጭቃ ውጦ አስቀረው። የመጡት በአያ ካሴ ጋሪ ነው። አያ ካሴ ጋሪ ከመንዳታቸው በፊት ሠላሳ ዓመት የፈረስ ደላላ ነበሩ፤ በአዊ አፉን ከፍተው ያላዩት ፈረስ የለም ይባላል። እኔን ከተወለድኩ ጀምሮ ያውቁኛል። ከጋሪያቸው ገና እንደወረዱ በበሩ አዩኝ።

«ትሁን!» አሉ ስሜን ጠርተው። «መቼ ወለድሽ?»

አያ ደምሌ ዘሎ እግራቸውን ረገጠ። አያ ካሴ እግራቸውን አዩ፣ ደምሌን አዩ፣ ሞላን አዩ። ከዚያ ባርኔጣቸውን አውልቀው በጣም በትሕትና «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አሉኝ። ዓይናቸው ግን ይስቅ ነበር።

ተቆጣጣሪዋን ፊቷ የማይፈታ ረጅም ሴት አድርጌ ነበር የጠበቅኋት። የወረዱት አጭር፣ ደልደል ያሉ፣ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ የነካቸው፣ በራሳቸው የሚስቁ ሴት ናቸው። እትዬ ሰናይት ይባላሉ። ገና ሳይገቡ የእግር መታጠቢያ ውሃ ለመኑ።

ገብተው አጠገቤ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። እሳቸው አጭር ሆነው እንኳ ጉልበታቸው ተሰቀለ።

«ይሄ አግዳሚ ለትልቅ ሰው ዝቅ አላለም?» አሉ።

«ሴቶቻችን አጫጭር ናቸው» አለ አያ ደምሌ። በሩ ላይ ስንዱና ሌሎቹ አንገታቸውን አስግገው ቆመዋል፤ ሁሉም ከእሱ ይረዝማሉ።

እኔ እቋጥራለሁ። ጣቴ እንደ ወትሮው ይሮጣል። «ጎበዝ!» አሉኝ። «ስንት ዓመትሽ ነው የኔ እመቤት?»

«ሃያ።»

ከደጅ የአያ ካሴ ድምፅ መጣ። «ፈረስ ገበያም እንዲሁ ነው። ሻጭ ሲናገር ሁሉም ፈረስ አምስት ዓመቱ ነው። እኔ እሺ እለውና አፉን ከፍቼ አያለሁ።»

አያ ደምሌ ምንም ሳያስቅ በጣም ሳቀ። ሳቁን ሲጨርስ ጭንቀቱን በመስተንግዶ ሊያልፈው ፈልጎ ገብስ ቆሎ በሰፌድ አቀረበ። እትዬ ሰናይት ዘገኑና ወደ እኔ ዘረጉ። «መጀመሪያ እሷ ትብላ፤ የምታጠባ ሴት ናት።»

የእንግዳ ግብዣ እምቢ አይባልም። ቆረጠምኩ። ቆሎው አልተሰበረም፤ ጥርሴ ወለቀች።

አፌ ውስጥ ቆሎ፣ ደምና ጥርስ ተቀላቀሉ። ቆሎውንና ደሙን ዋጥኩ። ጥርሴን ግን አልዋጥኳትም። ለምን በሉኝ። የተዋጠች ጥርስ ምትክ አታበቅልም፤ በሰፈራችን ይህን የማያውቅ ልጅ የለም። ጉንጬ ውስጥ አስቀመጥኳት።

«ባልሽ ማን ይባላል?» አሉ እትዬ ሰናይት።

ዓይኔን መሬት ላይ ጣልኩ።

«አማርኛ አትችልም» አለ አያ ደምሌ ቶሎ ብሎ። «አገውኛ ብቻ ናት።»

«ቅድም ሃያ አለችኝ እኮ!»

«ቁጥር ትችላለች።»

እትዬ ሰናይት ወደ እኔ ዞረው ጥርት ባለ አገውኛ ያንኑ ጠየቁኝ። ከዚያም «እናቴ የዳንግላ ገጠር ሴት ናት» አሉት። የደምሌ ፊት እንደ ታጠበ የበግ ፀጉር ነጣ።

ጀርባዬ ላይ ሙቀት ሲወርድ የተሰማኝ ያን ጊዜ ነው። ሞላ ሸና። በሕይወቴ የሰው ሽንት እንደዚያ አስደስቶኝ አያውቅም። ወደ ጀርባዬ እያመለከትኩ፣ እያጎነበስኩ፣ በጓሮው በር ወጣሁ።

አሁን ልብ በሉ። አስተዋይ ሰው ቢሆን ጥርሷን ሻሹ ጫፍ ላይ ይቋጥራታል፤ ማታ ቤቱ ሲገባ ያወጣታል። እኔ ግን የወለቀች ጥርስ ወዲያው ጣሪያ ላይ ካልተወረወረች አዲሷ ተጣማ ትበቅላለች ተብዬ ያደግሁ ነኝ። ያገባሁ፣ የወለድኩ፣ ሃያ ዓመት የሞላኝ መሆኔን ረሳሁት። ጥርሴን መዳፌ ላይ ተፋኋት። «አሮጌዬን ውሰጂ፣ አዲስ አምጪልኝ!» ብዬ ለማላያት ወፍ ነገርኳትና፣ ሞላ ጀርባዬ ላይ እየዘለለ ባለ በሌለ ኃይሌ ወረወርኩ።

ቀርከሃው ውስጥ የተደበቁት አራቱ ልጆች ሲያፍኑት የቆዩት ሳቅ አፈተለከ።

ከመጠን በላይ ወርውሬያለሁ። ጥርሷ የጣሪያውን ጫፍ አለፈችና በወዲያኛው በኩል ቆርቆሮውን እየመታች ወረደች። ካ… ካ… ካ… ካ። ከዚያ ዝም አለች። ወዲያኛው በኩል ማለት የፊቱ ደጅ ነው።

በላስቲክ ጫማዬ እየተንሸራተትኩ ቤቱን ዞሬ ሮጥኩ። ዘገየሁ። አያ ካሴ ከፈረሳቸው አጠገብ ቆመው፣ በሁለት ጣት የያዙትን ነገር ወደ ብርሃን እያዞሩ ያያሉ።

«አያ ካሴ፣ ስጡኝ» አልኩ በሹክሹክታ።

«የወተት ነው» አሉ ለራሳቸው፤ የሙያቸው ነገር ሆኖባቸው። «መንጋጋ። ሥሩ አልቋል። ዛሬ የወለቀ ነው።»

ቀና ስል እትዬ ሰናይት በሩ ላይ ናቸው። አያ ደምሌ ከኋላቸው ቆሟል።

«የማን ጥርስ ነው?» አሉ።

የሴቶቹ እንዝርት ሁሉ ቆመ። እማ ሁለት እጇን ውሃ ውስጥ እንደነከረች አየችኝ። ፊቷን አሁንም አስታውሰዋለሁ። አንድ ነገር ማለት ነበረብኝ።

«የልጄ ነው» አልኩ።

አያ ካሴ ቀስ ብለው መጡ፤ ከጀርባዬ የሞላን ከንፈር በአውራ ጣታቸው ገለጥ አደረጉ። ሞላ ደስ ብሎት ሙሉ አፉን ከፈተላቸው። ሮዝ ድድ። ሌላ ምንም የለም።

«እትዬ» አሉ አያ ካሴ ባርኔጣቸውን እያወለቁ፣ «ሠላሳ ዓመት ጥርስ ሳይ ኖሬያለሁ። ሳያበቅል የነቀለ ግን የመጀመሪያዬ ነው።»

መጀመሪያ ስንዱ ፈነዳች። ከዚያ ሴቶቹ ሁሉ። እትዬ ሰናይት የጋሪውን ጎማ ይዘው እስኪያነቡ ሳቁ። አያ ደምሌም አብሮ ሳቀና በምን እንደሚስቅ ሲገባው አቆመ። ሞላ የእናቱን ሳቅ ሲሰማ እጁን ወደ ስንዱ ዘርግቶ አለቀሰ። እሷም ምንም ሳታስብ መጥታ ከጀርባዬ አወረደችው። ቀርከሃው ተከፈተና ቅጠል የሞላባቸው አራት ራሶች ወጡ፤ ሁሉም ሰው ሲስቅ ለብቻቸው ተደብቀው መቅረት አልቻሉም።

ሳቁ ሲያልቅ ሴቶቹ ሁሉ እኔንና እትዬ ሰናይትን አዩ።

እትዬ ሰናይት ፊቴ ቁጢጥ አሉ። «አፍሽን ክፈቺልኝ የኔ ልጅ።» ከፈትኩ። በመሐረባቸው ጫፍ ደሙን ጠረጉልኝ። «ስንት ዓመትሽ ነው?»

እማን አየኋት። እማ እጇን ከውሃው አወጣች፤ በቀሚሷ አደረቀችው።

«አሥራ ሁለት» አለች። «እኔ ነኝ የወለድኳት፤ አውቃለሁ።»

ደምሌ የእማን ስም ጠርቶ «ይታይሽ!» አለ። እማ ዞራም አላየችው።

እኔ ደግሞ ለእንግዳ ሰው ተናግሬ የማላውቀውን ያህል ረጅም ነገር ተናገርኩ። «እትዬ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ጥርሴን የወረወርኩት እኔ ነኝ። ቆሎውንም ቀስ ብዬ አልበላሁትም። እማን ከሥራ እንዳያስወጧት።»

እትዬ ሰናይት ጥርሴን ከአያ ካሴ ተቀብለው መዳፌ ላይ አደረጓት።

«መጀመሪያ ይሄን ጨርሺ። ተመልሳ ከወደቀች አይቆጠርም፤ በእናቴም አገር እንዲሁ ነው።»

ወረወርኩ። ተንከባላ ተመለሰች። አያ ካሴ አንስተው ጋሪያቸው ላይ አቆሙኝ፤ ሰው ሁሉ እያየ። ያን ቀን በኀፍረት አለመሞቴ ይገርመኛል። በሦስተኛው ቀረች።

ከዚያ እትዬ ሰናይትና አያ ደምሌ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተነጋገሩ። የምንሰማው እሱ ሲጮህ ብቻ ነበር። በመጨረሻ ወጥቶ አጥሩን እያየ ነገረን። ልጆቹ ትምህርት ቤት መግባታቸው እስኪታይ ምልክት የለም። ሴቶቹ ግን መቋጠር ከቻሉና አግዳሚው ከፍ ካለ እሳቸው ተመልሰው መጥተው ያያሉ።

«ማን ነው የሚያስተምራቸው?» አለ ደምሌ፤ ተስፋ ቆርጦ።

ሴቶቹ ወደ እኛ ዞሩ። እትዬ ሰናይት ጥቂት አሰቡ። «ከትምህርት በኋላ፣ ትንሽ ቀን ብቻ» አሉ። «ደግሞ ቆመው ነው የሚያስተምሩት። እነሱ ክር አይነኩም።»

እነዚያ ቀናት የልጅነቴ ምርጥ ቀናት ናቸው። እጃችንን ወደ ኋላ አጣምረን ከእናቶቻችን ጀርባ እንደ መምህር እንመላለሳለን። «ተይው፣ ፍቺው! ሁለት ቀይ አልኩሽ እኮ!» ቀለም ስጠራ የመጀመሪያዬ ነበር። እማ «ቆይ ብቻ፣ ቤት እንገናኝ የለ!» ትለኛለች፤ ጣቷ ግን እየፈጠነ ሄደ።

ሁሉም ነገር ተስተካከለ ብዬ አልዋሻችሁም። ምልክቱ ወራት ዘገየ፤ ያን ክረምት ጠዋትም ማታም ድንች በላን። ከአምስታችን አንዷ ውባለም ትምህርት ቤት አልገባችም። እናቷ ዳንግላ ለሰው ቤት ሰጠቻት፤ ቀርከሃ ውስጥ አብራን ትስቅ የነበረችው ልጅ። ምልክቱ እሷን አያውቃትም። ምንጣፍ ገዝታችሁ ጥጉ ላይ ያቺን ትንሽ ምልክት ስታዩ ደስ ይበላችሁ፤ ግን ጠይቁ። «ልጆቹ አልሠሩትም» ሲሏችሁ «ታዲያ የት ሄዱ?» በሉ። እኔ ጥያቄ መጠየቅ የማልወድ ሰው ነኝ፤ ይህቺን አንዷን ግን እጠይቃለሁ።

እኔ ስምንተኛን ጨረስኩ። ከዚያ በላይ አልሆነልኝም። ዕድሜዬ ሲደርስ በራሴ እግር ወደ ምንጣፉ ቤት ተመለስኩ፤ ከፍ ባለው አግዳሚ ላይ ከእማ ጎን እቀመጣለሁ። ዘንድሮ በእውነት ሃያ ሞላኝ። ሞላ ሁለተኛ ክፍል ነው፤ መንገድ ላይ ሲያየኝ «የውሸት እናቴ!» ብሎ ይጮህብኛል፤ እኔን መሬት ግቢ ግቢ ይለኛል። ጥርሴ ደግሞ ያን ሁሉ ተወርውራ ምትኳ ተጣማ ነው የበቀለችው። ወፏ ሁለቱን ውርወራ ቆጥራብኝ ይሆናል።

ባለፈው ወር አንዲት እናት ከገጠር ልጇን ለሥራ ይዛ መጣች። ልጅቷ ረጅም ናት፤ ሻሽ አስራለች፤ ዓይኗን ከመሬት አታነሳም።

«አሥራ ስምንት ሞልቷታል» አለች እናቷ። «ማርያምን!»

አያ ደምሌ አሁን ሸብቷል። እኔን አየኝ። ምንም አልተናገርኩም፤ መናገር አልወድም አልኳችሁ። ገብቼ ገብስ ቆሎ በሰፌድ አመጣሁ። «የእንግዳ ነው፤ ብዪ» አልኳት።

ዘገነች። ስታኝክ አየኋት፤ በቀኝ ብቻ። ከዚያ ድንገት ማኘኩን ተወችው፤ እጇ ወደ ጉንጯ ሄደ። ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። ከንፈሯን ገጥማ ፈገግ አለች። እኔም በአገጬ ወደ ጣሪያው አመለከትኳት። ገባት፤ ሹልክ ብላ ወጣች።

«እታለም» አልኳት እናትየዋን፣ «ሥራው ለእርስዎ ነው። መቋጠሩን እኔ አስተምርዎታለሁ። እሷን ነገ ጠዋት ትምህርት ቤት ወስጄ አስመዘግባታለሁ፤ ደጅ ላይ ሆኜ እስክትገባም አያለሁ።»

«ምነው ልጄ፣ አሥራ ስምንቷ ነው እያልኩሽ…»

ከበላያችን ቆርቆሮው ጮኸ። ካ… ካ… ካ… ካ። በሩ ፊት ለፊት አንዲት ትንሽ ነጭ ነገር ጭቃ ላይ ወደቀች። ሴቶቹ ሁሉ ሥራ አቁመው አዩዋት። እናትየዋ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች።

እኔ በሩ ላይ ወጣሁ።

«አይቆጠርም፣ ድገሚው!» አልኩ፤ ጮክ ብዬ፣ ሰው ሁሉ እየሰማኝ።